የባሕር ኤሊና የሃሚንግበርድ ሽምግልና

ባለፈው ቅዳሜ ካሳንቺስ፣ አዲሱ መንገድ ዳር፣ ሳፋ ታቅፌ ቆሜ ነበር። ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳፋ ነው፤ ከአፉ እስከ ወገቡ ተሰንጥቆ ስንጥቁ በሽቦ የተሰፋ፣ ላዩ በጨርቅ የተሸፈነ። አላፊ አግዳሚው ሳፋውን አይቶ እኔን ያያል፣ እኔን አይቶ መልሶ ሳፋውን ያያል። የቆምኩት ድሮ የግቢያችን ቧንቧ ነበረበት ብዬ በገመትኩት ቦታ ላይ ነው። በገመትኩት የምለው ሰፈሩ ለልማት ስለተነሳ ነው። የቆርቆሮ አጥሩም፣ ግቢውም፣ ማዕዘን ላይ የነበረችው ሱቅም የሉም። ያለው ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ አግዳሚ ወንበርና በመስመር የተተከለ ቀይ አበባ ነው።

ሰው እየጠበቅኩ ሳለ ከአውራ ጣቴ ብዙም የማትበልጥ ወፍ መጥታ አበባው ላይ አረፈች። አንገቷ ፀሐይ ሲነካው አረንጓዴ ያበራል። ቀጭን ቆልማማ አፏን አበባው ውስጥ ሰድዳ ማሩን መጠጠች፣ ወደ ቀጣዩ ዘለለች፣ እንደገና መጠጠች። ሳቄ መጣ። ብቻዬን ሳፋ ታቅፌ ስስቅ ያዩኝ አንዲት እናት ልጃቸውን ወደ ጎን ሳብ አደረጉት።

ትዝ ያለኝ አምስተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት ነው። በግቢያችን ብዙ ቤት ነበር፤ ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልጉት ግን ሦስቱ ናቸው። የኛ ቤት፣ ከኛ ጋር ግድግዳ የሚጋራው የእትዬ ዘሀራ ቤት፣ እና ከቧንቧው አጠገብ ያለችው የጋሽ ሳህሌ አንድ ክፍል። እትዬ ዘሀራ የወሎ ሰው ናቸው፤ ባለቤታቸው ጨርቅ ይነግዱ ነበር። ልጃቸው ኑሪያ ደግሞ የኔ ጓደኛ ናት። ግድግዳው ስስ ስለነበር ማታ ማታ እሷ ስታስነጥስ እኔ ከአልጋዬ ላይ ሆኜ ይማርሽ እላት ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በሳፋው ነው። የእትዬ ዘሀራ ወንድም ኒካህ ሲያስር እናቴ ትልቁን ሰማያዊ ሳፋዋን አዋሰቻቸው። ከድግሱ በኋላ ሳፋው በኑሪያ እጅ ተመለሰ፤ ተሰንጥቆ ነበር።

"ደህናውን ሰጥቼ ስንጥቁ መጣልኝ" አለች እማዬ በራችን ላይ ቆማ፣ ለማንም ሳይሆን ለግቢው።

"ስወስደውም ፀሐይ በልቶት ነበር" አሉ እትዬ ዘሀራ ከውስጥ፣ እሳቸውም ለግቢው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ አልተነጋገሩም። እማዬ "የሰበረ ይውሰደው" ብላ ሳፋውን በኔ እጅ ወደ እትዬ ዘሀራ ደጅ ላከችው። እሳቸው "የሰው ዕቃ ቤቴ አላሳድርም" ብለው በኑሪያ እጅ መለሱት። እኔ ሳደርስ፣ ኑሪያ ስትመልስ፣ በመጨረሻ ሁለታችንም ደክሞን ቧንቧው ሥር ትተነው ገባን። እዚያው ቀረ። ውሃ ይንጠባጠብበታል፣ ውሃው በስንጥቁ ይወጣል፣ ማንም አይነካውም።

ኩርፊያው እኛንም ይመለከት ነበር። ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ ነው የምንቀመጠው። አንድ ዳቦ ለሁለት እንካፈላለን፣ አብረን እየሳቅን ወደ ቤት እንሄዳለን። የግቢያችን በር ሲታየን ግን ኑሪያ ቆም ትልና "በቃ፣ እንኳረፍ" ትለኛለች። ከዚያ እሷ አንገቷን ደፍታ ቀድማ ትገባለች፤ እኔ የጫማዬን ማሰሪያ የማስር መስዬ ውጭ እቆያለሁ። ጫማዬ ማሰሪያ አልነበረውም።

ይህ ትወና ጉድ እንደሚያመጣብን አላሰብንም። አንድ ቀን እትዬ ዘሀራ ልብስ እያሰጡ ለጋሽ ሳህሌ ሲነግሯቸው ሰማሁ።

"ትምህርት ሲዘጋ ኑሪያን ደሴ፣ እናቴ ጋ እወስዳታለሁ። እዚያው ትማር። ልጄ በየቀኑ አንገቷን ደፍታ በዚህ በር ስትገባ ማየት አንገፈገፈኝ።"

ጋሽ ሳህሌ የያዙትን ባልዲ መሬት አስቀመጡ። "ልጅን ከእናቷ አርቆ መላክ ቀላል ነው እንዴ?" አሏቸው። እትዬ ዘሀራ አንድ አንሶላ ሁለት ጊዜ ጨምቀው አሰጡ።

ጋሽ ሳህሌ ይህን የሚሉበት ምክንያት ነበራቸው። በልጅነታቸው ከብዙ ልጆች ጋር ከአሰብ በመርከብ ተጭነው ኩባ ለትምህርት ከተላኩት አንዱ ናቸው። አድገው ሲመለሱ እናታቸው አልቆዩዋቸውም። በእናታቸው ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ፣ ሬዲዮ ይጠግናሉ፣ ጢማቸውን ሲላጩ በስፓኒሽ ያዜማሉ። እኔ ይህን ታሪክ ስሰማ ኩባ መላክ እንደ ክትባት ለሁሉም ልጅ ዕድሜው ሲደርስ የሚመጣ ነገር መስሎኝ ነበር። ደሴም የሚኬደው በመርከብ መስሎኝ ኑሪያን ዋና እንድትማር መክሬያታለሁ።

በዚያው ሰሞን የሳይንስ አስተማሪያችን ቲቸር መስፍን ለወላጆች ቀን ሥራ ሰጡን። ሁለት ሁለት ሆነን ሁለት እንስሳ በዕጣ እናወጣለን፣ አወዳድረን መድረክ ላይ እናቀርባለን። ቲቸር አወዳድሩ ሲሉ ተመሳሳይነታቸውንና ልዩነታቸውን ንገሩን ማለታቸው እንደነበር ዛሬ ይገባኛል። ለኛ ግን ሁለት ነገር ጎን ለጎን ከቆመ ክርክር ነው። ብዕርና ጎራዴ፣ ወርቅና ብረት፣ ገጠርና ከተማ፤ ትምህርት ቤት ከገባን ጀምሮ አንዱ ሳይረታ ከመድረክ የወረደ ነገር አይተን አናውቅም።

ለሌሎቹ ፈረስና በቅሎ፣ ድመትና ውሻ ደረሳቸው። ለኛ የደረሰን ቲቸር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ከሰቀሉት የውጭ አገር ሥዕል የተወሰደ ነበር፤ ንብ የምታህል ሃሚንግበርድ የምትባል ወፍና አረንጓዴ የባሕር ኤሊ። የአንዷን ስም በትክክል ለመጥራት ራሱ ጊዜ ፈጀብን። ማን የማን ጠበቃ ይሁን ሲባል ቲቸር ደለደሉን። ኑሪያ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ቀስ ብላ የምታላምጥ፣ ስሟ ሲጠራ አቤት ለማለት ትንሽ የምታስብ ልጅ ናት፤ ሃሚንግበርድ ሆነች። እኔ ተቀምጬ እንኳ እግሬ የሚሮጥ ልጅ ነበርኩ፤ ኤሊ ሆንኩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብን።

እነዚህን ሁለት ፍጥረቶች በዓይኑ ያየ ሰው በመላው ካሳንቺስ አንድ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱም ከቧንቧችን አጠገብ ይኖር ነበር። ጋሽ ሳህሌ የእንስሶቹን ስም ሲሰሙ የሚጠግኑትን ሬዲዮ ዘጉ።

"ሁለቱም የኔ ደሴት ልጆች ናቸው" አሉ።

በየተራ አስጠኑን፤ አብረን መታየት አንችልማ። ለኑሪያ አንድ የአተር ፍሬ መዳፏ ላይ አስቀምጠው የሃሚንግበርድ እንቁላል ይህን ታህላለች አሏት። ኑሪያ አተሩን እንዳይሰበር ብላ በመሐረብ ጠቅልላ ነው ወደ ቤቷ የወሰደችው። እናትየዋ ጎጆዋን ከሸረሪት ድርና ከዛፍ ልጥ እንደምትሠራ፣ ልጆቿን ብቻዋን እንደምታጎርስ፣ አባትየው ዞር ብሎ እንደማያያቸው ነገሯት።

የኔ ተራ ሲደርስ ጋሽ ሳህሌ ቀስ ብለው ነበር የሚያወሩት።

"ኤሊዋ አሸዋው ውስጥ እንቁላሏን ስትጥል ከዓይኗ እንባ ይወርዳል" አሉኝ።

"ለምን ታለቅሳለች?"

"ለቅሶ አይደለም። ጨው ነው። የባሕሩን ጨው በዓይኗ ነው የምታስወጣው።"

"ከዚያስ?"

"መቶ የሚሆን እንቁላል ጥላ፣ በአሸዋ ሸፍና ወደ ባሕሯ ትመለሳለች። ልጆቹ ራሳቸው ተፈልፍለው ራሳቸው ወደ ውሃው ይሮጣሉ። ካደጉ በኋላ ሴቶቹ እንቁላል ለመጣል የሚመለሱት እዚያው፣ የተወለዱበት ባሕር ዳር ነው።"

"እናታቸው እዚያ ትጠብቃቸዋለች?"

ጋሽ ሳህሌ ከጠረጴዛው ላይ አንዲት ብሎን ፈለጉ። ብሎኗ እጃቸው ውስጥ ነበረች። "የለችም። ግን ይመለሳሉ" አሉና ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረግ አደረጉ። ሳያቸው ጊዜ "ጨው ነው" አሉኝ። እኔም አመንኳቸው። ለብዙ ጊዜ ኩባ የኖረ ሰው ሁሉ ከዓይኑ ጨው የሚወጣ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ደምበል የገበያ ሕንፃ ወሰዱን፤ ሁለታችንንም። ለእናቶቻችን በየተራ ስለነገሯቸው ሁለቱም የኔን ልጅ ብቻ ነው የወሰደው ብለው አምነዋል። ያኔ የደምበል ተንቀሳቃሽ ደረጃ ለሰፈራችን ልጆች ከቲያትር አያንስም ነበር።

"ሰብለ፣ አንቺ ወደ ላይ በሚሄደው ላይ ቁሚ። እንዳትራመጂ" አሉኝ። ቆምኩ፣ ደረጃው ወሰደኝ። "ይኼ የባሕር ሞገድ ነው። ኤሊ ሰነፍ አይደለችም፤ የትኛው ሞገድ ወዴት እንደሚወስዳት ታውቃለች።"

ከዚያ ወደ ኑሪያ ዞሩ። "አንቺ ደግሞ ወደ ታች በሚወርደው ላይ ወደ ላይ ሩጪ።"

ኑሪያ እንደ ልማዷ ትንሽ አሰበችበት። ከዚያ ሮጠች። ደረጃው ወደ ታች፣ እሷ ወደ ላይ። ክንዷ ይወራጫል፣ ሻሿ ከራሷ ወርዶ ትከሻዋ ላይ ይውለበለባል፣ ፊቷ ቲማቲም መስሏል፤ እሷ ግን አንድ ቦታ ላይ ነች፤ ወደ ላይም አትሄድ፣ ወደ ታችም አትወርድ።

"አያችሁ? አበባ ፊት አየር ላይ የቆመች ሃሚንግበርድ ይቺ ናት" አሉ ጋሽ ሳህሌ። "የቆመች የምትመስለው እንደሷ የሚሠራ ስለሌለ ነው።"

ከላይ ፌስታል ይዘው ሊወርዱ የነበሩ ሰውዬ መንገዱ ተዘጋባቸው። "ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው?" ብለው ጠየቁኝ። "ሃሚንግበርድ ናት" አልኳቸው። ወዲያው ጥበቃው መጥቶ ጋሽ ሳህሌን "ወንድሜ፣ አንተ ትልቅ ሰው አይደለህም እንዴ?" አላቸው። ጋሽ ሳህሌ በስፓኒሽ አንድ ነገር ተናግረው በክብር ወጣን።

በእግራችን ስንመለስ ነው ያሰብኩት። ኑሪያን በሕዝብ ፊት ከረታኋት እትዬ ዘሀራ ይበልጥ ይቆጣሉ፤ ከተቆጡ ደሴ ቁርጥ ነው። ስለዚህ መሸነፍ አለብኝ። ለኑሪያ አልነገርኳትም፤ ብነግራት በውለታ አሸነፍኩ ብላ ደስ አይላትም። እሷም ከኔ ጎን እየሄደች ስለ እኔ እናት ቁጣ ያንኑ ታስብ እንደነበር የነገረችኝ ከክርክሩ በኋላ ነው።

የወላጆች ቀን ሲደርስ ለኤሊዋ ጀርባ የድንጋይ ልብስ አስፈለገን። ጋሽ ሳህሌ ግቢውን በዓይናቸው ቃኝተው ቧንቧው ሥር ቆሙ። "የማንም ካልሆነ የኤሊዋ ነው" አሉ። የሳፋውን ስንጥቅ በሬዲዮ ሽቦ ሰፉ፣ ገመድ አበጁለት፣ ጀርባዬ ላይ አሰሩልኝ። ሳፋው ከአንገቴ እስከ ዳሌዬ ይደርሳል። ኑሪያ የእናቷን አረንጓዴ ሻሽ በሁለት እጇ ይዛ ክንፍ አደረገች።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ጋሽ ሳህሌ ቀድመው ሄደው አንድ አግዳሚ ወንበር ያዙ፤ እማዬን በግራቸው፣ እትዬ ዘሀራን በቀኛቸው አስቀመጡ። የኛ ተራ ሲጠራ ውሃ ጠማኝ ብለው ተነሱ። አልተመለሱም። ሁለቱ እናቶች በመሐላቸው ባዶ ቦታ ይዘው ፊት ለፊት መድረኩን አፍጥጠው ቀሩ። እማዬ ጀርባዬ ላይ ያለውን ስታይ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እትዬ ዘሀራም አይተውት ወደ ጣሪያው ቀና አሉ።

ዳኛው አባባ ወርቁ ነበሩ፤ የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ በሰፈሩ ስንት የተጣላ ባልና ሚስት ያስታረቁ ሽማግሌ።

ኑሪያ ጀመረች። "ሃሚንግበርድ ጎበዝ ናት" አለች። አሰበች። "ኤሊ ግን ትበልጣታለች።"

ቲቸር መስፍን ሳል አሉ። እኔ ቀጠልኩ። "ኤሊ ምንም አትበልጥም። ልጆቿን አሸዋ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች። ልጆቿን የምታጎርሰው ሃሚንግበርድ ትሻላለች።"

"የሃሚንግበርድ ባል ግን ምንም አያግዝም" አለች ኑሪያ።

ከእናቶች በኩል ጉርምርምታ ተነሳ። አባባ ወርቁ በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። "ባልየው የት ይሄዳል?"

"ሌላ አበባ ጋ" አለች ኑሪያ።

አዳራሹ ሳቀ። ከፊት የተቀመጡ አባቶች ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። እኔ እንዳላሸንፍ ቸኩዬ ኤሊዋን እንደገና ወቀስኳት፤ ልጆቿን ብታይ እንኳ አታውቃቸውም አልኩ። ይኼኔ እማዬ አልቻለችም።

"ሰብለ፣ ሌት ተቀን ያጠናሽው ይኼ ነው? ልጆቿ ይመለሳሉ በያቸው እንጂ" አለች ከተቀመጠችበት።

"ቢመለሱስ ማንን ያገኛሉ?" አሉ እትዬ ዘሀራ፣ መድረኩን እያዩ።

"መቶ እንቁላል ሸፍና የሄደች ዝም ብላ ሄደች አይባልም" አለች እማዬ፣ እሷም መድረኩን እያየች። "ትታላቸው ነው የሄደችው። ባዶውን የሚልክ ሌላ ነው።"

በሰፈራችን የተዋሱትን ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ሌላው ቢጠፋ እፍኝ ቆሎ፣ ሁለት ሎሚ ጣል ይደረግበታል። እኔ ሳፋው ከኒካሁ ተሰንጥቆ መምጣቱን እንጂ ባዶ መምጣቱን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

እትዬ ዘሀራ ቀስ ብለው ወደ እማዬ ዞሩ። "ስንጥቁ አልነበረማ፣ አልማዝ?"

"ሳፋማ ፕላስቲክ ነው፤ ዛሬ ባይሆን ነገ ይሰነጠቃል" አለች እማዬ። "እንደ እህት ነው የማይሽ። ኑሪያ ባዶውን ስታመጣልኝ ጊዜ፣ ከድግስሽ ለሰው ሁሉ ደርሶ ለኔ እፍኝ ታጣ ወይ አልኩ።"

"ታጣ" አሉ እትዬ ዘሀራ። "ከጠራሁት እጥፍ ሰው መጣ። ድስቱን ገልብጬ ነው ያየሁት፤ ላንቺ የሚላክ ጠፋ። አፍሬ በልጅ እጅ ሰደድኩት፣ ዓይንሽን ማየት ከበደኝ። አንቺ ስንጥቁን ስታነሺ እኔም ያዝኩት። ስለ ስንጥቅ መጣላት ይቀላል።"

"ይህንኑ ብትነግሪኝ ምን ነበረ? የቤቴን ይዤልሽ እመጣ ነበር እኮ።"

አባባ ወርቁ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ከአርባ ዓመት ልማድ ሰው አይላቀቅም። "ነገሩ ገብቶናል" አሉ። "ኤሊዋ ልጆቿን ትታ መሄዷ ያስከፋል፤ ሆኖም አፈጣጠሯ ነው። የሃሚንግበርድ ባል ጥፋተኛ ነው፤ እሱ ግን ዛሬ አልቀረበም። ስለዚህ ኤሊና ወፊቱ ይሳሳሙ። እናንተም ተነሱ።"

"አባባ፣ ይኼ የሳይንስ ትምህርት ነው፤ ነጥብ..." አሉ ቲቸር መስፍን።

"ነጥቡ ይቆይ" አሉ አባባ ወርቁ።

ከኑሪያ ጋር ስንሳሳም ሳፋው ወደ ፊት ተንሸራቶ ጭንቅላቷን መታት። ከታች እናቶቻችን አንገት ለአንገት ተቃቅፈዋል። እማዬ ስታለቅስ ሳይ ሰው እንዳይታዘባት ብዬ ከመድረኩ "ጨው ነው" አልኩ። ለማንም አልገባውም። በሩ ላይ ቆመው የነበሩት ጋሽ ሳህሌ ብቻ ሳቁ፤ እየሳቁም ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

በማግስቱ ጠዋት ሳፋው በራችን ላይ ነበር፤ በንፁህ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ውስጡ ድፎ ዳቦ። እማዬ ዳቦውን አውጥታ ብርቱካን ሞላችበትና "የዘሀራን ዕቃ መልሺላት" አለችኝ። ኑሪያ ክረምቱን ደሴ ሄደች፤ አያቷን ጠይቃ ለመስከረም ተመለሰች። በአውቶቡስ።

ሰፈሩ ሲነሳ ጋሽ ሳህሌ አልደረሱበትም፤ ከዚያ በፊት በእናታቸው ክፍል አርፈዋል። ቢኖሩ ወዴት ይመለሱ ነበር እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ። እማዬ ከከተማው አንድ ጫፍ ኮንዶሚኒየም ገባች፣ እትዬ ዘሀራ ሌላው ጫፍ። ዕቃ ሲጫን ሁለቱ በሳፋው ሊጣሉ ትንሽ ነበር የቀራቸው። ያንቺ ነው፣ የለም ያንቺ ነው ሲባባሉ ሹፌሩ ክላክስ ያሰማ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ኑሪያ አርፍዳ መጣች። አሁንም ቀስ ብላ ነው የምትራመደው።

"ታክሲ ጠፍቶ ነው" አለችኝ። ዙሪያዋን አየች። "ቧንቧው እዚህ አልነበረም። ወንበሩ ጋ ነው።"

"እዚህ ነው።"

"በቃ እሺ፣ እዚህ ይሁን።" አበባው ላይ ያለችውን ወፍ አየቻት። "ሃሚንግበርድ" አለች።

"አይደለችም። እኛ አገር የለችም ብለውናል እኮ ጋሽ ሳህሌ።"

"አባባ ወርቁም እስካሁን ማን እንዳሸነፈ አልነገሩንም" አለችና ሳፋውን ከእጄ ተቀበለች። ክብደቱ ወደ ታች ሳባት። "ምንድን ነው ይኼ ሁሉ?"

"አልከፈትኩትም። የዘሀራን ዕቃ መልሺላት ነው ያለችኝ።"

ኑሪያ የጨርቁን ጫፍ ገለጥ አድርጋ አየችና መልሳ ሸፈነችው። በሚቀጥለው ወር እሷ እዚሁ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ እትዬ ዘሀራ የአልማዝን ዕቃ መልሺላት ብለው ይልኳታል።